12 ዓመት የፈጀው 1,500 ሜትር

ነሐሴ 4 ቀን 2004 ዓ.ም. ማታ ቴሌቪዥን ፊት የነበረ ሰው መሠረት ደፋርን አይረሳትም። ለንደን ላይ 5,000 ሜትሩን አሸነፈች። ከመሮጫ ልብሷ ውስጥ የእመቤታችንን ሥዕል አውጥታ ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ጥሩነሽ ዲባባ 3ኛ ወጣች። እኛም በየቤታችን እልል አልን፣ አብረን አለቀስን።

ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል እንኳ ሳይቆይ በዚያው መም ላይ የሴቶች 1,500 ሜትር ፍጻሜ ተሮጠ። ይህን ውድድር የሚያስታውስ ሰው ግን ብዙ አላጋጠመኝም። እኔም ብሆን ስልክ ላይ ነበርኩ፤ የማወራው ስለ መሠረት ነው። አበባ አረጋዊ 5ኛ ወጣች። «ዛሬ አልሆነላትም» ተባለ፣ አለፈ።

ዛሬ የውጤት መዝገቡን ብትከፍቱ አበባ 2ኛ ናት። የብር ሜዳሊያ። ከ5ኛ ወደ 2ኛ የመጣችው አንድም እርምጃ ሳትጨምር ነው። ከፊቷ ከገቡት አራት ሴቶች ሦስቱ ተሰረዙ። የመጨረሻዋ የተሰረዘችው በ2024 ነው። (ይህን ጨምሮ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ዶፒንግ፣ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ደግሞ ስለ «አበረታች ቅመሞች»፣ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ። ለምን ያን ጊዜ አልያዟቸውም? ለምን ዓመታት ይፈጃል? መልሱን ለማስረዳት ከዚህ ውድድር የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ጉዱ ሁሉ እዚህ አንድ ላይ ተጠራቅሟል።

ማን ነበረ፣ ማን ቀረ

13 ሴቶች ተሰለፉ። አንደኛዋ፣ አሜሪካዊቷ ሞርጋን ዩሴኒ፣ ወድቃ አልጨረሰችም። 12ቱ ገቡ። 1ኛ የቱርኳ አስሊ ቻኪር አልፕቴኪን፣ በ4 ደቂቃ ከ10.23 ሰከንድ። 2ኛ ሌላዋ ቱርካዊት ጋምዜ ቡሉት፣ የ20 ዓመት ልጅ። 3ኛ ለባሕሬን የሮጠችው ማርያም ዩሱፍ ጀማል፣ አርሲ ተወልዳ ዘነበች ቶላ ተብላ ያደገችው። 4ኛ ሩሲያዊቷ ታቲያና ቶማሾቫ። 5ኛ አበባ። 6ኛ አሜሪካዊቷ ሻነን ሮውበሪ። በ1ኛዋና በ6ኛዋ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው።

ሰዓቱን ልብ በሉ። 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ለዚህ ደረጃ ሯጮች ዝግ ያለ ነው። ገንዘቤ ዲባባ ከ3 ዓመት በኋላ ሞናኮ ላይ ይህንኑ ርቀት በ3 ደቂቃ ከ50.07 ሮጣዋለች። ስለዚህ ያን ማታ «ይሄማ ሰው አይደለም» የሚያሰኝ ፍጥነት አልታየም። ተጠባብቀው ሮጡ፣ መጨረሻ ላይ ተፈተለኩ፣ አለቀ። ዶፒንግ ሁልጊዜ ሪከርድ ሰብሮ አይታይም። አንዳንዴ የሚታየው በመጨረሻው 200 ሜትር የሌላው እግር ሲዝል የአንዷ ባለመዛሉ ነው።

ከ12ቱ ውስጥ አምስቱ ተሰርዘዋል። 1ኛ፣ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 7ኛ እና 9ኛ የወጡት። 7ኛዋ ቤላሩሳዊቷ ናታሊያ ካሬይቫ፣ 9ኛዋ ሩሲያዊቷ የካተሪና ኮስቴትስካያ ናቸው። የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው፦ ያን ማታ ሽንት ሰጥታ፣ ተመርምሮ፣ «ተገኘብሽ» የተባለች አንዲትም የለችም።

መርፌው ሄዷል፣ ሥራው አለ

ብዙዎቻችን ዶፒንግን የምናውቀው በቤን ጆንሰን ነው። በ1988 ሶል ላይ 100 ሜትሩን በ9.79 ሮጠ፣ ሽንቱ ተመረመረ፣ ስታኖዞሎል የሚባል ስቴሮይድ፣ ማለትም ጡንቻ የሚያጎለብት መድኃኒት፣ ተገኘበት፣ በ3 ቀን ውስጥ ሜዳሊያውን ተነጠቀ። ፈጣን ፍርድ። አእምሯችን ውስጥ የቀረው ይህ ነው። ስለዚህ «ተመርምሮ ነፃ ወጣ» ሲባል ነገሩ ያለቀ ይመስለናል።

የረጅምና የመካከለኛ ርቀት ሯጮች ጣጣ ግን በአብዛኛው ሌላ ነው። ኢፒኦ ይባላል። ኢፒኦ ከውጭ የመጣ ባዕድ ነገር አይደለም፤ ኩላሊታችን ራሱ የሚያመርተው ሆርሞን ነው። ሥራው የአጥንት መቅኒን «ቀይ የደም ሴል አምርት» ብሎ ማዘዝ ነው። ቀይ የደም ሴል ኦክስጅን ተሸካሚ ነው። ተሸካሚ በበዛ ቁጥር ጡንቻ ቶሎ አይደክምም።

በቆጂ ወይም እንጦጦ ላይ የሚኖር ሰው ይህን ስጦታ በነፃ ያገኛል። አየሩ ስስ ስለሆነ ኩላሊቱ ከቆላ ሰው የበለጠ ኢፒኦ ይለቅቃል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ፋብሪካ የሚሠራው ኢፒኦ ገበያ ላይ ዋለ። የታሰበው ደም ላነሳቸው የኩላሊት ሕመምተኞች ነበር። ስፖርተኛው ሰምቶ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። የእንጦጦን ዓመታት በመርፌ መግዛት ማለት ነውና።

በሽንት ውስጥ ኢፒኦን የሚለይ ምርመራ ኦሎምፒክ ላይ የዋለው በ2000 ሲድኒ ላይ ነው። ጥሩ ነው፤ ግን ቀዳዳ አለው። መድኃኒቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሽንት ይጠፋል። በትንሽ በትንሹ ከተወጋ ደግሞ ይበልጥ ቶሎ ይጠፋል። አንድ ቀይ የደም ሴል ግን 4 ወር ገደማ ይኖራል። መርፌው ሄዷል፣ ሥራው ግን ደም ውስጥ አለ። ውድድሩ ቀን ሽንት ብትቀዱ ምን ታገኛላችሁ? ምንም።

ቆጣሪው አይዋሽም

ታዲያ እንዴት ያዟቸው? ከ5ቱ አራቱ የተያዙት «ባዮሎጂካል ፓስፖርት» በሚባል ነገር ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሐሳቡ የመብራት ቆጣሪ ነው።

ቆጣሪ አንባቢው ማታ ሽቦ ስትቀጥሉ አላያችሁም። እጃችሁንም አልያዘም። መዝገቡን ግን ይገልጣል። ለ3 ዓመት በየወሩ 200 ኪሎዋት ሰዓት ሲቆጥር የኖረ ቤት፣ ምጣዱም ፍሪጁም እዚያው እያሉ፣ ድንገት 40 ላይ ቁጭ ሲል አንድ ነገር አለ። ቤቱን ከጎረቤት ጋር አያወዳድርም። ከራሱ ከቤቱ ታሪክ ጋር ነው የሚያወዳድረው።

ፓስፖርቱም እንዲሁ ነው። አትሌቷ በዓመት ውስጥ በተለያየ ጊዜ ደም ትሰጣለች። የሄሞግሎቢን (ቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚይዘው ነገር) መጠኗና ገና የተወለዱ ለጋ ቀይ የደም ሴሎች ድርሻ ይመዘገባል። ከጊዜ በኋላ ኮምፒዩተሩ የእሷን ጤናማ መጠን ከየት እስከ የት እንደሆነ ያውቀዋል። ኢፒኦ የምትወስድ ከሆነ ለጋዎቹ ሴሎች ይበዛሉ። ከውድድር በፊት ስታቆም ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፦ ሄሞግሎቢኗ ከፍ እንዳለ ለጋዎቹ ድርሽ አይሉም። ሰውነቷ «ደም በቂ አለኝ» ብሎ ማምረቱን ስላቆመ ነው። ሄሞግሎቢን ከፍ ብሎ ለጋ ሴል ሲጠፋ፣ በተለይ በትልቅ ውድድር ዋዜማ፣ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ኮምፒዩተር ብቻውን አይፈርድም። መዝገቡ ስሟን ለማያውቁ ሦስት ባለሙያዎች ይላካል። እነሱም ሌላ ምክንያት ይፈልጋሉ። ከፍታ ላይ ልምምድ ነበራት? ታማ ነበር? ደም ፈሷታል? የኛ ሰዎች «ከፍታ ላይ ስለምንኖር ነው» የሚሉት ክርክር እዚህ ላይ ይታያል። ባለሙያዎቹ ከፍታ ደምን እንዴት እንደሚቀይር ያውቁታል፤ ለዚያ የሚሰጡት ቦታም አለ። ግን ከፍታ ላይ መኖር ግራፉን ቀስ እያለ ያወጣዋል እንጂ እንደ ሊፍት አያስፈነጥረውም።

አትሌቲክስ ይህን ፓስፖርት መጠቀም የጀመረው በ2009 ነው። ስለዚህ ለንደን 2012 ሲደርስ መዝገቡ ገና ልጅ ነበር። ማስረጃው እስኪጠራቀም፣ ባለሙያ እስኪያየው፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ዓመታት ይሄዳሉ። ከመዘግየቱ ግማሹ የመጣው ከዚህ ነው።

የራስን ልጅ መዳኘት

ሌላው ግማሽ ሳይንስ አይደለም። ሰው ነው።

አልፕቴኪን ለንደን ላይ ስታሸንፍ አዲስ ተጠርጣሪ አልነበረችም። ገና በወጣቶች ዓለም ሻምፒዮና፣ በ2004፣ ስቴሮይድ ተገኝቶባት 2 ዓመት ተቀጥታለች። ከለንደን በኋላ በ2013 የደም መዝገቧ ጉድ እንዳለበት ታወቀና ክስ ተመሠረተ። ጉዳዩን መጀመሪያ ያየው ማን ነው? የገዛ አገሯ ፌዴሬሽን። በዚያው ዓመት መጨረሻ «ነፃ ናት» ብሎ አሰናበታት።

አትፍረዱበት ማለቴ አይደለም፤ ግን አስቡት። ቱርክ በኦሎምፒክ መም ላይ ወርቅና ብር በአንድ ውድድር ያገኘችበት ቀን ነው። ያንን ፌዴሬሽኑ በገዛ እጁ ያፈርሰዋል? የራስን ልጅ መዳኘት ለማንም ከባድ ነው።

ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ማኅበር ይግባኝ ብሎ ሎዛን ወዳለው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ወሰደው። በ2015 በስምምነት አለቀ፤ ወርቁን መለሰች፣ 8 ዓመት ታገደች። ታግዳ ሳለች በ2017 ለሦስተኛ ጊዜ ጥፋተኛ ተብላ ዕድሜ ልክ ታገደች። የቡሉት ብርም በ2017 ገደማ ተነጠቀ።

ዓለም አቀፉ ማኅበርስ ራሱ ንጹሕ ነበር? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚመርረው። ከ1999 እስከ 2015 ማኅበሩን የመሩት ሴኔጋላዊው ላሚን ዲያክ በ2020 ፓሪስ ላይ ጥፋተኛ ተብለዋል። ጥፋታቸው የሩሲያ አትሌቶች የዶፒንግ ጉዳይ እንዲዘገይ ገንዘብ መቀበል ነው። የለንደን ኦሎምፒክ ሲካሄድ ወንበሩ ላይ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ቅሌት በኋላ ማኅበሩ በ2017 ሞናኮ ላይ ለብቻው የቆመ የአትሌቲክስ ኢንቴግሪቲ ዩኒት አቋቋመ። ትልልቆቹን አትሌቶች የሚመረምረውና የሚከሰው እሱ ሆነ። የአገር ፌዴሬሽን የራሱን ሻምፒዮን ፋይል እያየ የሚያዝንበት ጊዜ በአብዛኛው በዚህ አበቃ።

የሞስኮ ፍሪጅ

የቶማሾቫ ታሪክ ለብቻው ነው።

ይህች ሴት ትንሽ ሯጭ አልነበረችም። በ2003 እና በ2005 የ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ናት። አቴንስ 2004 ላይ ከኬሊ ሆምስ ቀጥላ ብር አግኝታለች። በ2008፣ ቤጂንግ ኦሎምፒክ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ እሷና ሌሎች 6 ሩሲያውያን ሴቶች ታገዱ። ምክንያቱን ስሰማ መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። በስማቸው የተላከው ሽንት የእነሱ አልነበረም። ዲኤንኤ ሲመረመር ጠርሙሱ ላይ ያለው ስምና ውስጥ ያለው ሽንት አልገጣጠመም። ሰው ሽንት ይዋሳል!

ቅጣቷን ጨርሳ ተመለሰች። ለንደን ላይ 4ኛ ወጣች። ሁለቱ ቱርኮች ሲሰረዙ በመዝገብ ላይ ወደ 2ኛ ከፍ አለች። አበባ 3ኛ ሆነች። ነገሩ እዚያ ላይ የሚቆም ይመስል ነበር።

ግን ሞስኮ ውስጥ አንድ ላቦራቶሪ ነበረ። ኃላፊው ግሪጎሪ ሮድቼንኮቭ በ2015 መጨረሻ ወደ አሜሪካ ሸሽቶ፣ በቀጣዩ ዓመት ሁሉን ዘረገፈው። ሶቺ 2014 የክረምት ኦሎምፒክ ላይ የሩሲያ አትሌቶች ሽንት ሌሊት ሌሊት በግድግዳ ቀዳዳ ወደ ጎረቤት ክፍል ይወጣ ነበር። እዚያ የደኅንነት ሰዎች «አይከፈትም» የተባለውን ጠርሙስ ይከፍቱታል። ከወራት በፊት የተቀመጠ ንጹሕ ሽንት ይሞሉበታል። ከዚያ በቀዳዳው ይመለሳል። ካናዳዊው የሕግ ሰው ሪቻርድ ማክላረን በ2016 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ30 በላይ በሆኑ የስፖርት ዓይነቶች ከ1,000 በላይ ሩሲያውያን አትሌቶች የዚህ ሥርዓት ተጠቃሚ እንደነበሩ ጻፈ።

ለኛ ውድድር ግን ቁልፉ ሌላ ነው። ላቦራቶሪው ለውጭው ዓለም «ነፃ» እያለ ሲያስተላልፍ፣ ኮምፒዩተሩ ውስጥ እውነተኛውን ውጤት ያስቀምጥ ነበር። በሁለት መዝገብ እንደሚሠራ ነጋዴ ማለት ነው፤ አንዱ ለግብር ሰብሳቢው፣ አንዱ ለራሱ። የዚያ ኮምፒዩተር መረጃ ዋዳ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲ፣ እጅ ገባ። መጀመሪያ በ2017 በውስጥ አዋቂ በኩል፣ ቀጥሎ በ2019 ከላቦራቶሪው። ሁለቱን ሲያስተያዩ በኋላ የመጣው ላይ የተሰረዘና የተነካካ ነገር ተገኘ። የቶማሾቫ ስም እዚያ ውስጥ ነበር። ከለንደን ጥቂት ሳምንታት በፊት የሰጠችው ናሙና ውስጥ ስቴሮይድ ታይቷል። በመስከረም 2024 የግልግል ፍርድ ቤቱ 10 ዓመት አገዳት፣ የለንደን ውጤቷን ሰረዘ።

አበባ 2ኛ፣ ሮውበሪ 3ኛ። 12 ዓመት ከአንድ ወር ገደማ።

ጠርሙሱ አሥር ዓመት ይቀመጣል

አንድ ሌላ መንገድ አለ፤ በዚህ ውድድር ላይ ባይሠራም ስለኛ አትሌቶች ስለሆነ ማለፍ አልፈለግኩም። ናሙና ሲወሰድ በሁለት ጠርሙስ ይከፈላል፣ ሀ እና ለ በሉት። ሀ መጀመሪያ ይመረመራል። ከቀረው ናሙና ውስጥ ደግሞ ቀዝቃዛ ቦታ የሚቀመጥ አለ። ቀድሞ 8 ዓመት ነበር፣ ከ2015 ወዲህ 10 ዓመት ሆኗል። ሳይንሱ ሲራመድ የድሮው ጠርሙስ ወጥቶ በአዲሱ መሣሪያ እንደገና ይታያል።

አዲስ አበባ ተወልዳ ለቱርክ የሮጠችውን ኤልቫን አቤይለገሰን ታስታውሷታላችሁ። ቤጂንግ 2008 ላይ በ5,000 እና በ10,000 ከጥሩነሽ ቀጥላ ሁለት ብር ወስዳለች። በ2007 ኦሳካ ላይ የሰጠችው ናሙና ከዓመታት በኋላ ተከፍቶ ስቴሮይድ ተገኘበት። ከኦሳካ ጀምሮ ያለው የ2 ዓመት ውጤቷ ተሰረዘ፣ የቤጂንጎቹ ሁለት ብሮችም አብረው ሄዱ። በ5,000ው 3ኛ የነበረችው መሠረት ደፋር ወደ ብር ከፍ አለች። ያኔ 1ኛ፣ 2ኛና 3ኛ የወጡት ሦስቱም ኢትዮጵያ የተወለዱ ነበሩ። ለማን ማዘን እንዳለብኝ ግራ የገባኝ ጊዜ ነው።

በዚህ በናሙና ክምችት በጣም የተመታው ክብደት ማንሳት ነው። ለንደን ላይ በወንዶች 94 ኪሎ ከላይ ያሉት ተሰርዘው ተሰርዘው፣ 9ኛ የወጣው ፖላንዳዊ ነሐስ ደረሰው። ያ ሰውዬም ከ4 ዓመት በኋላ ሪዮ ላይ ዶፒንግ ተገኝቶበት ወደ ቤቱ ተሸኘ። ምን ይባላል?

ሜዳሊያው መጣ፣ ከዚያስ?

ለንደን ላይ ኢትዮጵያ በማግሥቱ የቆጠረችው 7 ሜዳሊያ ነበር። አሁን 8 ነው። የአበባ ብር ተጨመረ። በ3,000 ሜትር መሰናክል ነሐስ የነበራት ሶፊያ አሰፋም ወደ ብር ከፍ ብላለች፤ ያሸነፈችው ሩሲያዊቷ ዩሊያ ዛሪፖቫ በደም ፓስፖርት ተይዛ ስለተሰረዘች። ሶፊያ ብር ሆና የሕዝብ እልልታ ሰምታለች ወይ ብትሉኝ፣ ዜናውን ራሱ የሰማ ስንት ሰው ነው እላለሁ። በዚያው ውድድር ወደ ወርቅ ያለፈችው ቱኒዚያዊቷ ሀቢባ ግሪቢ ግን በ2016 አገሯ ላይ በክብር ተቀብላለች። አገር ሲያስብበት እንዲህ ይሆናል።

ዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ በኋላ ላይ ለእነዚህ ሰዎች ምርጫ ሰጠ። በሚቀጥለው ኦሎምፒክ ላይ፣ በኮሚቴው ዋና መሥሪያ ቤት፣ በአገራቸው፣ ወይም በግል መቀበል ይችላሉ። ፓሪስ 2024 ላይ ከድሮ ኦሎምፒኮች ሜዳሊያቸውን የተቀበሉ አትሌቶች በአይፈል ማማ አቅራቢያ ሕዝብ ፊት ቆመዋል። ጥሩ ነው። ገንዘቡ ግን አይመለስም። ሯጭ የምትኖረው በጫማ ኩባንያ ውልና ትልልቅ ውድድሮች በሚከፍሏት የመሰለፊያ ገንዘብ ነው። የኦሎምፒክ ባለሜዳሊያ ስትሆን ዋጋዋ የሚጨምረው በሚቀጥለው ወር ነው እንጂ ጡረታ ከወጣች በኋላ አይደለም።

የባሕሬንም ነገር አለ። ለንደን ላይ ነሐስ ያገኘችው ማርያም የአገሪቱ የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ ባለሜዳሊያ ነበረች። በ2016 ሪዮ ላይ በኬንያ የተወለደችው ሩት ጄቤት ወርቅ ስታመጣ የባሕሬን የመጀመሪያው ወርቅ ተባለ። በኋላ የማርያም ነሐስ ወርቅ ሲሆን ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። ጄቤት ደግሞ ከሪዮ በኋላ በተወሰደ ናሙና ኢፒኦ ተገኝቶባት 4 ዓመት ታገደች።

አበባስ?

ይህን ጥያቄ ዘልዬ ብሄድ አንባቢ አይለቀኝም። አበባ ከለንደን በኋላ ለስዊድን መሮጥ ጀመረች፤ በ2013 ሞስኮ ላይ ለስዊድን የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በ2016 መጀመሪያ ላይ ሜልዶኒየም ተገኝቶባት ታገደች። ያው ቴኒስ ተጫዋቿን ማሪያ ሻራፖቫን የጣላት መድኃኒት ነው። ላትቪያ የተሠራ የልብ መድኃኒት ሲሆን የተከለከለው ከጥር 1 ቀን 2016 ጀምሮ ነው። ችግሩ፣ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ያኔ በደንብ አልተጠናም ነበር። ክልከላው ከመጀመሩ በፊት የወሰደ ሰው ከጥር በኋላም ሊገኝበት ይችላል። ከወራት በኋላ እገዳዋ ተነሳ። ከ2012ቱ ውድድር ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

በሕጉ ቋንቋ ይህ በቂ ነው። በልባችሁ ቅር የሚላችሁ ካለ አልፈርድባችሁም። ዶፒንግ ጉዳቱ እዚህ ላይም ነው፤ ያልተፈረደባትንም ሴት በጎሪጥ ያሳያል።

እዚህ ቤትስ

በ2016 የዓለም አትሌቲክስ መሪ ሰባስቲያን ኮ አምስት አገሮችን በስም ጠርተው አስጠነቀቁ። ኬንያ፣ ሞሮኮ፣ ዩክሬን፣ ቤላሩስ እና ኢትዮጵያ። ከዚያ ወዲህ የፀረ አበረታች ቅመሞች መሥሪያ ቤት ተጠናክሯል፣ ምርመራውም በዝቷል። የሚያዙም አሉ፤ ለምሳሌ ፀሐይ ገመቹ በዚያው በደም ፓስፖርት 4 ዓመት ታግዳለች። ቆጣሪው ከየትም አገር ላለ ቤት አንድ ነው።

ወጣት ሯጭ ያለው ቤተሰብ ካለ ሁለት ነገር ይወቅ። አንደኛው፣ «ሳላውቅ ነው» ማለት አያድንም። ሰውነትሽ ውስጥ የተገኘ ነገር በሙሉ ያንቺ ኃላፊነት ነው። አለማወቅ ቅጣቱን ሊያሳንስ ይችላል፣ ጥፋቱን ግን አይፍቀውም። እዚህ አገር ፋርማሲ ገብቶ «ድካም አለኝ» ብሎ መርፌ መወጋት ቀላል ነው። ሯጭ ግን የመድኃኒቱን ስም አስጽፋ፣ ከተከለከሉት ዝርዝር አስተያይታ መሆን አለበት። ለእውነተኛ ሕመም የሚሆን ፈቃድ አለ፤ የሚጠየቀው ግን በቅድሚያ ነው።

ሁለተኛው የአድራሻ ጉዳይ ነው። በምርመራ ዝርዝር ውስጥ የገባች አትሌት በየቀኑ የት እንደምታድርና የትኛውን አንድ ሰዓት የት እንደምትገኝ ታስመዘግባለች። መርማሪው መጥቶ ካጣት ወይም አድራሻዋ ስህተት ከሆነ ይቆጠርባታል። በ12 ወር ውስጥ 3 ጊዜ ከሆነ፣ ምንም ነገር ሳትወስድ፣ ልትታገድ ትችላለች። አሜሪካዊው የ100 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ክርስቲያን ኮልማን በዚህ ነው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ያመለጠው። ለፋሲካ ገጠር ወላጆቿ ጋ የሄደች ልጅ፣ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ፣ ስልኳ የተቀየረ… እንዲህ ነው የሚመጣው። ሥራ አስኪያጅ ይሞላልኛል ብሎ መተው ትልቅ ስህተት ነው፤ ስሙ የሚጠፋው የሥራ አስኪያጁ አይደለም።

ወደዚያ ማታ ልመለስና ልጨርስ። ለንደን ላይ ሩጫው እንዳለቀ እንግሊዛዊቷ ሊዛ ዶብሪስኪ ካሜራ ፊት ቆመች። 10ኛ ነበር የወጣችው። ይህን በማለቴ ችግር ሊመጣብኝ ይችላል፣ ግን ሜዳው እኩል ነው ብዬ አላምንም አለች። ማንንም በስም አልጠራችም። ለተሸናፊ ሰው እንዲህ ያለ ንግግር አያምርም፤ ያኔ እኔም ብሰማት ኖሮ «ምን ታድርግ፣ ተሸንፋ ነው» ማለቴ አይቀርም ነበር።

በዛሬው መዝገብ ዶብሪስኪ 5ኛ ናት።